ሲስተር ኢድልና የአራስ ቤቱ ሜትር

ሲስተር ኢድል መሞቷን የሰማሁት ከልጄ አፍ ነው። ትዕግሥት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጣጥፋለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ቀና እንኳ ሳትል፣

«ያቺ ሴትዮ ሞተች አሉ» አለችኝ።

«የትኛዋ?»

«አዋላጇ። እግሬን የበላችው።»

የታጠፈውን ልብስ አንስቼ ወደ ጎን አደረግሁት።

«አያሃ ሠፈር፣ እህቷ ቤት ነው አሉ ለቅሶው። ሦስት ቀን ይቀመጣሉ። እኔ ደጃቸውንም አልረግጥ። አንቺም እንዳትሄጂ።» አንዷን ካልሲ ከጓደኛዋ ጋር ጠቀለለች። «አሁንስ አንድም አዋላጅ ቤቴ አይገባም። ስወልድ አንቺ ታርሺኛለሽ። ከአንቺ እጅ በቀር አልበላም፤ አርባውን ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወርድም። ያን ጊዜ ያስነሳችኝ ይበቃኛል።»

ስለ ኢድል ልጄ የማታውቀው ነገር አለ። የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን ብቻዬን ቀረሁ። ሙት ወቃሽ አትሁኚ ይባላል፤ እኔ ግን ኢድልን በቁሟም አልወደድኳትም፣ ስለ ሞተች ብዬም አልለውጥም። የምጽፈው እንዴት ያለች ሰው እንደነበረች ስለማውቅ ነው።

ሐርጌሳ የመጣሁት በአንድ የእርዳታ ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ነው። ስሜ ዘነበች ነው፤ ሾፌሩም ዘበኛውም ግን «ማዳም» ይሉኛል። ባሌ ሞቷል። ልጄ ትዕግሥት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ግራ ዓይኗን አመማት፤ በላስቲክ ውስጥ እንደማየት ሆነባት። ዓይኗ ሲሻላት ቀኝ እግሯ ደነዘዘ። ሐኪሙ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል አለን። የሰውነቷ ዘብ ራሱ ተሳስቶ የነርቮቿን ልባስ እየላጠ ይበላል፤ በሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲሄድ ግን ጥቂት ይዞ ይሄዳል አለን። አጠገቤ አመጣኋት። መርፌዋን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው፣ በበረዶ ሣጥን እናስመጣ ነበር። እዚሁ የአየር መንገድ ቢሮ የሚሠራ ዳዊት የሚባል ልጅ ወደዳት፤ ተጋቡ። ዓመት ሳይሞላ ልውለድ አለች።

እኔ አልፈቀድኩም። በሁለት እግሯ በቅጡ ያልቆመች ልጅ ሌላ ነፍስ ትሸከም? አሕመድ ዳጋህ ሠፈር፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ክሊኒክ አለ። አማርኛ የምትችል አዋላጅ አለች ሲሉኝ ልጄን ይዤያት ሄድኩ። አዋላጇ «አይቻልም» ብላ እንድትገላግለኝ ነበር ሐሳቤ።

አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ብቅ አለች። ከሻርፗ ሥር የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ጥላለች። የእርጉዞቹን ሆድ በሱ ነው የምትለካው።

«አንቺ ነሽ እናትየዋ?» አለችኝ።

«እርስዎ ማለት አይቻልም?» አልኳት።

ሳቀች። «አቦ፣ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ድሬ ላይ እርስዎ የሚባል ሰው የለም። አላህንም አንተ ነው የምንለው፣ አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?»

ትዕግሥት በሳቅ ፈነዳች። ልጄ ከሳቀች ብዙ ወር ሆኗት ነበር፤ ያሳቃት ደግሞ የእኔ መዋረድ ነው። ይህን ከሂሳቧ አልሰረዝኩላትም።

ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ሐረር ነርስነት ተምራ፣ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች ሶማሌ ናት። ስለ በሽታው ስነግራት ወንበሯን ስባ ወደ ልጄ ተጠጋች። እኔ የሌለሁ ያህል ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ስሚ እህቴ» አለቻት። «እኔ እንዳንቺ ያሉ ሦስት ሴቶች አዋልጃለሁ። ሦስቱንም ደብተር ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ሆድ ሲሞላ በሽታው ይተኛል። ሆድ ሲጎድል ይነሳል። ለምን ብትይ፣ ፅንስ ግማሹ የአባቱ ነው፤ ለሰውነትሽ እንግዳ ነው። እንግዳውን እንዳይበላው ዘቡ ቁጭ በል ይባላል። ቁጭ በል ከሚሉት አንዱ ኢስትሪዮል የሚባል ሆርሞን ነው። ከእንግዴ ልጁ ይመጣል፣ እስከ መጨረሻው ወር እየበዛ ይሄዳል።»

«ታዲያ ሆርሞኑን በክኒን ስጫትና ትዳን!» አልኩ ከኋላ። «መውለዱ ምን ያደርጋል?»

ዞር አለችልኝ። «በውጭ አገር እየሞከሩት ነው። ገና አልተረጋገጠም። ተስፋ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። እኔ ተስፋ አላዝም።» ወደ ልጄ ተመልሳ «መውለድ አልተከለከልሽም። ስለ መርፌው ሐኪምሽን ጠይቂ። እኔ የምፈራው እርግዝናውን አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ነው» አለቻት።

ልጄ ከዚያ ንግግር የሰማችው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው።

አረገዘች። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ እንደዚያ ወራት ደህና ሆና አታውቅም። ዱላዋን ጥላ ገበያ ትሄዳለች፤ ደረጃ ትወጣለች። የአበሻ ሴቶች ሁሉ «ሲስተር ኢድል አዳነቻት» ይላሉ። በሽታውን ስንት ዓመት የተሸከምኩት እኔ፣ ምስጋናው የኢድል። እሷ በየሳምንቱ ትመጣለች። ልጄን አንድ ዓይኗን ጨፍና የወተት ቆርቆሮ ጽሑፍ እንድታነብ ታደርጋታለች፣ ሁለቱን ባቶቿን በሜትሯ ትለካለች፣ ከአልጋው እስከ በሩ በስንት እርምጃ እንደሄደች ትጽፋለች። የእኔን ወጥ ግን ቀምሳ አታውቅም። «ጾመኛ ነኝ» ትላለች። ሁልጊዜ ጾመኛ ናት።

ሴት ልጅ ተወለደች። አራስ ቤቱን እኔ ያዝኩ። ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ሸፈንኳት፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ በጠዋትና በማታ አጎረስኳት። እናቴ እኔን እንደዚያ ነው ያረሰችኝ። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎቹም አርባ ቀን ከቤት አይወጡም፤ እንዲያውም በዚህ ነገር ከእነሱ ጋር ተግባብተን ነበር። በአምስተኛው ቀን ኢድል መጣች። ሰላም ሳትል መስኮቱን ከፈተች።

«ይህን ቤት የእንፋሎት ሐማም አደረግሽው! የዚች ልጅ ነርቭ ሙቀት አይወድም። ተነሺ ትዕግሥት፣ እስከ በሩ።»

«አራስ ናት!» አልኩ።

«አራስ እግር የላትም?»

«እኛ ዘንድ አራስ አትቆምም።»

«እኛም ዘንድ አትቆምም፤ ለዚህ ነው የምለፋው!» አለች። «አራስ ከተኛች በሽታው እግሯን ቢወስደው ማን ያያል? ሁሉም አራስ ናት ይላል። ዘነበች፣ አሁን ወሩ የበሽታው ነው። እንድትሄድ ተዪያት፣ እኔ ልያት።»

ትዕግሥት ላብ አጥምቋት፣ ግድግዳ ይዛ፣ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። ተንሰቀሰቀች። ያኔ ልጅ ለመጠየቅ የመጡ ሁለት ጎረቤቶች አፋቸውን ይዘው ያያሉ። ኢድልን ደጅ ድረስ ሸኘኋትና፣

«ከእንግዲህ ስንፈልግሽ እንጠራሻለን» አልኳት።

«በየቀኑ እደውላለሁ» አለች።

ደወለች። «ደህና ናት» እላታለሁ። «ተራመደች?» ትለኛለች። «ተራምዳለች» እላለሁ። ልጄ ከአልጋ አልወረደችም። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ ደነዘዘ አለችኝ። የአራስ ድካም ነው አልኳት። ከዚያ ግራ ዓይኗ ጭጋግ ያዘው። ያኔ ገባኝ። ስልኩን አንስቼ ኢድልን መጥራት ነበረብኝ። ልክ ነበርሽ ከማለት ግን ሌላ መንገድ ፈለግሁ።

እንዲህ አሰብኩ፤ በሽታውን ያስተኛው ሆርሞን ከእንግዴ ልጁ ጋር ወጥቶ ተጣለ፤ መልሼ ብሰጣትስ? ተስፋ አላዝም ያለችው ኢድል ናት እንጂ እኔ እናት ነኝ። ሰው በማያውቀኝ በሼክ ኑር ሠፈር በኩል ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩን የሴት ሆርሞን ያለበት ክኒን ስጠኝ አልኩት።

«ኤዶ፣ ለማን ነው?» አለኝ። ኤዶ አክስቴ ማለት ነው።

«ለራሴ።»

ሽበቴን አየ፤ ሌላ ሳይጠይቅ የወሊድ መከላከያ አውጥቶ ሰጠኝ። እኔ የት አውቃለሁ፣ ሆርሞን ሆርሞን ነው። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት፣ ፈጭቼ በገንፎው ቅቤ ውስጥ። ለልጄ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ኢድልን ትጠይቅ ነበር። ዘጠኝ ቀን።

በዘጠነኛው ቀን ኢድል ሳትጠራ መጣች። ሕፃኗን ልመዝን ነው አለች፤ ዳዊት ከፈተላት። ሕፃኗን መዝና ፊቷን አጠቆረች። «ልጅቷ አልጨመረችም። ወተቱ ምን ሆነ?» ትዕግሥት ደርቋል አለቻት፣ እያለቀሰች። ኢድል ብርድ ልብሱን ገለጠች። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ቀኝ ባቷን ለካች፣ ግራውን ለካች። ቀኙን ደገመችው። ቀኙ ሦስት ጣት ያህል ይበልጣል፤ ቀልቷል፣ ይፋጃል።

«ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«ትንሽ» አለች ልጄ።

ኢድል ዳዊትን መኪና አምጣ አለችው። እኔን በክንዴ ይዛ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝና በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

«ምን ሰጠሻት?»

«ገንፎ።»

«ዘነበች፣ ደም እግሯ ውስጥ ረግቷል። ወደ ሳንባዋ ከሄደ ትሞታለች። ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ምን ሰጠሻት?»

እጄ ሳላዝዘው ወደ ቀሚሴ ኪስ ሄደ። አየችው። እጇን አስገብታ ክኒኑን አወጣችና አነበበች። እንድትጮህ ነበር የጠበቅሁት። ድምጿ ጭራሽ ወረደ።

«ይህ እኮ ያ ሆርሞን አይደለም፤ ወተት ያደርቃል፣ ደም ያረጋል። የአራስ ደም እንዲሁ ሳይነኩትም ለመርጋት ይቸኩላል። ተኝታ ይብሳል። በዚህ ላይ ይህን ሁሉ ክኒን... ያ ረቢ!»

ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ምን መድኃኒት ስትወስድ ነበር ብሎ ጠየቀ። ልጄ አልጋው ላይ፣ ዳዊት በራስጌዋ፣ እኔ በግርጌዋ ቆመናል። የልጄን ብርድ ልብስ አስተካከልኩ።

ኢድል ክኒኑን ለሐኪሙ ሰጠችው። በሶማሊኛ ተናገረች፤ ቀጥሎም ልጄ እንድትሰማ በአማርኛ፣ «እኔ ነኝ። ኢስትሪዮሉን ይተካላታል ብዬ እናቷን ስጫት ያልኳት እኔ ነኝ። በገንፎ አድርጊላት ያልኳትም እኔ ነኝ» አለች።

ልጄ ያየቻትን አስተያየት አልረሳውም። ዳዊት ሊመታት ተነሳ፤ ሐኪሙ ያዘው።

ኮሪደሩ ላይ ተከትያት ወጣሁ። «ማን አድርጊ አለሽ?» አልኳት። ምስጋና አይደለም ያወጣሁት፤ ቁጣ ነው።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች። «ልጅሽ ለወራት አትነሳም። እዚህ አገር ዘመድ የላትም። ባሏ ሥራ ይውላል። የሚያጎርሳት አንቺ ብቻ ነሽ። መርዝ ያበላችኝ እናቴ ናት ካለች ከማን እጅ ትበላለች? ኢንሻአላህ ይሻላታል። ቆማ ራሷን መመገብ ስትችል አንቺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ።»

«እሺ» አልኳት።

ልጄ ተረፈች፤ ሕፃኗም በቆርቆሮ ወተት አደገች። ደም ማቅጠኛ መርፌ ተወጋች፣ ለዓይኗና ለእግሯም መድኃኒት ሰጧት። ወራት ተኛች፣ ከእጄ በላች፣ ቀስ በቀስ ተነሳች። ቀኝ እግሯ ግን ዛሬም ቀን ሲመሽ ያብጣል፤ ጠባብ ካልሲ ካላጠለቀች አትውልም። ዳዊት ሰው ለመክሰስ እግሩ ፈጣን ነው፤ ክሊኒኩ ሄዶ ጮኸ፣ ባለቤቱም ስሙን ለማዳን ኢድልን አሰናበታት። ሠላሳ ዓመት ያዋለደች ሴት አያሃ ወርዳ፣ ከየአገሩ ተፈናቅለው የመጡ ሴቶችን በየቤታቸው ታዋልድ ጀመር። «አዳነቻት» ይሉ የነበሩት የአበሻ ሴቶች ስሟ ሲነሳ አፋቸውን ያጣምማሉ። እኔም አብሬ አጣምሜያለሁ።

ገበያ ስንገናኝ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ነገርሻት?»

«ገና ናት።»

«ቆማ ትሄዳለች አሉኝ እኮ።»

«ገና ናት አልኩሽ!»

እንደ በሽተኛ ነበር የምታየኝ፤ ስለ ቁስሉ እንደሚዋሽ በሽተኛ። መንገድ ላይ ሳያት ወደ ሌላ ሱቅ መግባት ጀመርኩ። ያላዘዝኳት ውለታ ነው፣ ማን ዋይልኝ አላት እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

መጨረሻ ያየኋት ትዕግሥት እንደገና ማርገዟን በነገረችኝ ሰሞን ነው። ምን እንደምላት ሳላውቅ አያሃ ሄድኩ። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አገኘኋት። ከስታለች፣ ቆዳዋ አመድ መስሏል። አንዲት የአሥር ቀን አራስ ከምንጣፉ እስከ በሩ እያስኬደች ነው። የአራሷ እናት ጥግ ይዛ ታጉረመርማለች።

ኢድል አይታኝ ሳቀች። «እናትየዋን አየሻት? ይችም እንዳንቺ ትጠላኛለች። ግን መስኮቱን ትከፍታለች።»

«ትዕግሥት አርግዛለች» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። «ነገርሻት?»

ዓይኔን ወደ አራሷ መለስኩ።

«ስሚ ዘነበች። ስለ ስሜ አልጠየቅሁሽም። ክኒኑ ሐኪም መዝገብ ላይ አለ፤ ለሐኪሞቹ እሱ ይበቃል። ግን ልጅሽ እግሬን የበላው መራመዱ ነው ብላ ካመነች፣ በሚመጣው አራስ ቤት ትተኛለች። በሽታው ይመጣል፣ ደሙ ይረጋል፣ አንቺም ገንፎ ትይዢላታለሽ። አንዴ ደም የረጋባት ሴት አርባ ቀን አትተኛም። እኔ አልደርስላትም። ይኸው ነው።»

«የኢስትሪዮሉስ ነገር?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ወሬ ለመለወጥ ይሆናል።

«እየሞከሩት ነው። ገና ነው። አንቺ ግን ያን ስትጠብቂ ይችን አትግደያት።»

ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ሁለት ወር አልቆየችም።

የለቅሶው የመጀመሪያ ቀን አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ምሳ አቅርቤ ልጄ ፊት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትጠቀልል፣

«ክኒኑን ኢድል አላዘዘችም» አልኳት። «እኔ ነኝ። ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ ፈጭቼ። እሷ ሰምታም አታውቅም ነበር።»

ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ።

«በገንፎው?»

«በገንፎው።»

«ስንት ቀን?»

«ዘጠኝ።»

«አላውቅም ነበር በዪኝ፣ እማዬ። መጥፎ መሆኑን አላውቅም ነበር በዪኝ።»

«አላውቅም ነበር። ግን ኢድልን ብጠይቃት እንደምትከለክለኝ አውቅ ነበር። መራመድም እግርሽን አልጎዳም፤ የጎዳሽ መተኛቱና ክኒኑ ነው። ስትወልጂ እንዳትተኚ።»

ጉርሻውን ሳሕኑ ላይ መለሰችው። እጇን ታጠበች። ሻርፗን ለበሰች። እኔም ነጠላዬን ሳነሳ «ተዪኝ» አለች፤ ባጃጅ ጠርታ ብቻዋን ሄደች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰች። ጫማዋን እያወለቀች ነበር የጠየቅኋት።

«ምን አሉሽ?»

«ማን ነሽ አሉኝ። ሲስተር ኢድል ያተረፈችኝ ነኝ አልኳቸው። እህቷ ያን ክኒን ያዘዘችልሽ ነሽ አለችኝ። አላዘዘችም አልኩ። ታዲያ ማን ነው አለች።»

«ምን አልሽ?»

«ምን ልበል እማዬ? እናቴ ናት ልበል? ዝም አልኩ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነፍሰ ጡር ልጄ፣ ያንን ዝምታ ደግሞ እሷ ልትሸከምልኝ ነው። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። አልከለከለችኝም።

አያሃ ስደርስ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል። እህቷም የድሬ ልጅ ናት፤ መልኳ ቁርጥ ኢድል ነው።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለችኝ።

«ዘነበች እባላለሁ። ክኒኑን ለልጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ኢድል አላዘዘችም፤ ሰምታም አታውቅም ነበር። ሆስፒታል እኔ ነኝ ያለችው ልጄ ከእጄ እንድትበላ ብላ ነው። ከሥራ የወጣችው በእኔ ነው። ስድስት ዓመት እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

እህቷ ወደ ሴቶቹ ዞራ አንድ በአንድ በሶማሊኛ ነገረቻቸው። ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ፤ እናት የሚለውን፣ ውሸት የሚለውን ለየሁ። አንዲት አሮጊት አስተግፊሩላህ አለች። ሌላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ልጅሽ አሁን ከእጅሽ ትበላለች?» አለችኝ እህቷ።

«አትበላም» አልኳት። «ዛሬ ተወች።»

ከዚያ በምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለችልኝ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። እጄን የጨበጠኝ የለም፤ እኔም አልዘረጋሁም።